«ካርታው ነው ያለኝ»

«አጎቴ፣ በግራ እጅህ አንዷን ምዘዝ። አታስብ፤ ዝም ብለህ ምዘዝ» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

ቦታው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ስለነበር እንቅልፌ ገና አልተስተካከለም። እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቼ ወደ ሳሎን ስወጣ፣ እሷም ከማታ ፈረቃ ገብታ ሻይ ይዛ ተቀምጣለች። የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፋ ካርታ ትደረድራለች። መጀመሪያ ኮንከር ልታጫውተኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ንጉሡም ንግሥቲቱም የሉም። ዝሆን አለ፤ ሚዳቋ አለ፤ በግ አለ፤ አዞ የሚመስል የባሕር አውሬ አለ፤ ተጠቅልሎ የተኛ እባብ አለ። በየእንስሳው ግርጌ ደግሞ አበባም መንኮራኩርም የሚመስል ባለ ቀለም ክብ ተሥሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ታሮት ነው፤ የእንስሳት ታሮት። ክቦቹ ቻክራዎች ናቸው። ሰውነታችን ውስጥ ያሉ የኃይል በሮች በላቸው።»

በግራ እጄ መዘዝኩ። ነጭ ዝሆን ወጣ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ክብ አለ። ልጅቱ ካርታውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የጉሮሮ ቻክራ ነው። መናገር እየነበረብህ ውጠህ ያስቀረኸው ነገር አለ። ዝሆን ደግሞ አይረሳም» አለችኝ።

መቼም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ከጉሮሮዬ አላለፈም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ከተዘጋጋን ሦስት ዓመት አልፎናል። ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ አንዳችን ከገባን አንዳችን እንወጣለን። ያን ሌሊት ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። አዲስ አበባ ነግቷል። ስልኬን አነሣሁና ደወልኩ። ወንድሜ ድምፄን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ «ደኅና ነህ? ምን ሆንክ?» አለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ከዚህ በኋላ ስለ ታሮት የምጽፈውን ሁሉ ይህን አውቀህ አንብብልኝ። ባለ ዕዳ ነኝ። አንድ ወረቀት ላይ የተሣለ ዝሆን ከወንድሜ ጋር አስታርቆኛል።

ወደ አገሬ ስመለስ ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ካሰብኩት ጋር አልገጠመም። ታሮት ከፈርዖኖች ዘመን የወረደ ምስጢር ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1440ዎቹ አካባቢ በሰሜን ጣሊያን መሳፍንት ቤቶች ውስጥ የተፈጠረ የካርታ ጨዋታ ነው። ሚላኖን ይገዙ የነበሩት የቪስኮንቲና የስፎርዛ ቤተሰቦች በወርቅ አስጊጠው ያሠሯቸው ካርታዎች ዛሬም ኒው ዮርክና ቤርጋሞ በሚገኙ ሙዚየሞች ይታያሉ። ካርታው 78 ነው። 56ቱ በጽዋ፣ በሰይፍ፣ በሳንቲምና በበትር የተከፈሉ ናቸው፤ 22ቱ ደግሞ ሥዕላዊ ሆነው፣ አብዛኞቹ በጨዋታው ሌላውን የሚበሉ ናቸው። ለ300 ዓመት ገደማ ዋና ሥራቸው መጫወቻ መሆን ነበር። በፈረንሳይ፣ በኦስትሪያና በጣሊያን ዛሬም የሚጫወቷቸው አሉ።

ታዲያ ምስጢሩ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1781 አንቷን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ካርታዎቹን አየና «ይህ የጥንታዊ ግብፅ ካህናት መጽሐፍ ነው» ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ የግብፅን የሥዕል ፊደል ማንበብ የሚችል አንድም ሰው በዓለም አልነበረም። ሻምፖሊዮን ፊደሉን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1822፣ ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ከዤብላን ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ አልዬት የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ «ኤቴላ» ተባለና በታሮት እንዴት ዕድል እንደሚነበብ መጽሐፍ አወጣ። ስም መገልበጥና ሲኒ መገልበጥ ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም።

ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቁት ሥዕሎች ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 የታተሙት ናቸው። ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው፤ የሣለቻቸው ግን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ ነች። ሥራው ብዙ፣ ክፍያው ግን ጥቂት እንደነበር ራሷ በደብዳቤ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1951 ስትሞት ሀብት አልነበራትም። የስንቱን ሰው ዕድል የሚናገሩ ካርታዎች የሠሯትን ሴት ዕድል አልተናገሩላትም። «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» ይል የለ የአገሬ ሰው?

እንስሳቱም ቢሆኑ አዲስ አይደሉም። በዚህ በ1909 ካርታ ላይ «ብርታት» የሚለው ላይ አንዲት ሴት የአንበሳ አፍ ይዛለች። «ጨረቃ» ላይ ውሻና ተኩላ ወደ ሰማይ ይጮኻሉ። «ዓለም» የሚለውን የመጨረሻውን ካርታ ሳይ ግን ደነገጥኩ። በአራቱ ማዕዘን ሰው፣ ንስር፣ ላምና አንበሳ ቆመዋል። እነዚህን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ! ኅዳር 8 ቀን የሚከበሩት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ መንበሩን ተሸክመው የሚሣሉት አርባዕቱ እንስሳ ናቸው። ጣሊያንም ኢትዮጵያም ሥዕሉን ከአንድ ምንጭ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀድተውታል። አንዱ ግድግዳ ላይ አድርጎ ሰገደለት፤ አንዱ ካርታ ላይ አድርጎ ተጫወተበት። ሥዕል እንዲህ ነው፤ የት እንዳስቀመጥከው ይወስነዋል።

ወደ ቻክራው ልለፍ። ቃሉ በሳንስክሪት ክብ ወይም መንኮራኩር ማለት ነው። በሕንድ ታንትራ በሚባለው ትምህርት ውስጥ በአከርካሪ ላይ ወደ ላይ የተደረደሩ ማዕከሎች ናቸው። ምዕራባውያን በስፋት ያወቁት በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊ ጆን ውድሮፍ፣ «አርተር አቫሎን» በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ውድሮፍ የተረጎመው በቤንጋል፣ ፑርናናንዳ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1577 የጻፈውን ነው። እዚያ ውስጥ እንስሳት አሉ። ከታችኛው ማዕከል ዝሆን፤ ከዚያ አዞ መሰል የባሕር አውሬ፤ ከዚያ በግ፤ በልብ በኩል ጥቁር ሚዳቋ፤ በጉሮሮ በኩል ነጭ ዝሆን። ከሥር ደግሞ ሦስት ዙር ተኩል ተጠቅልላ የተኛች እባብ አለች። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ካርታ ጨርሶ የፈጠራ አይደለም፤ የእኔ ነጭ ዝሆን በትክክል ጉሮሮዬ ላይ ነው የቆመው።

ግን የተለወጠ ነገር አለ። የማዕከሎቹ ቁጥር ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ አምስት የሚል አለ፣ ስድስት የሚል አለ፣ ዘጠኝ የሚል አለ። ዛሬ በየዮጋ ቤቱ የምናየው የቀስተ ደመና ቀለም ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራባውያን የደረደሩት ነው። በካርታው ላይ የልብ ክብ አረንጓዴ ነው፤ በፑርናናንዳ መጽሐፍ ግን የልብ አበባ ቀይ ነው። ከሁሉ በላይ የተለወጠው ግን ዓላማው ነው። ያ ትምህርት ለተመረጠ ደቀ መዝሙር፣ ከመምህር እግር ሥር፣ ለብዙ ዓመት የሚሰጥ የተመስጦ መንገድ ነበር። «ትናንት ከፍቅረኛህ ጋር የተጣላኸው የትኛው በር ስለተዘጋ ነው» የሚል የምርመራ ሠንጠረዥ አልነበረም።

ይኼን ሁሉ ሳውቅ ዝሆኔ ትንሽ አነሰብኝ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር 39 ተማሪዎቹን ፈተነና ለእያንዳንዳቸው «የግል ባሕርይህን የሚያሳይ ውጤት» ብሎ ወረቀት ሰጣቸው። ምን ያህል እውነት እንደሆነ ከ5 ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቃቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ወረቀታቸውን ሲያስተያዩ ለሁሉም የተሰጠው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ፤ አብዛኛውን የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። እስቲ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ውጦ ያስቀረው ቃል የሌለ ሰው የት አለ? ዝሆኑ ለኔ ብቻ የመጣ መሰለኝ እንጂ ለማንም ቢወጣ ይገጥም ነበር።

ደግሞ ሌላም አለ። ልጅቱ ከወንድሜ ጋር መኳረፌን ታውቃለች። ዘመድ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም እኮ አጎቷ ነው። እንግዲያው በዚያ ሌሊት የተናገረው ማን ነው? እሷ ነች። በእኛ ወግ የእህት ልጅ ተነሥታ አጎቷን «ወንድምህን ለምን አታናግረውም? ነውር አይደለም ወይ?» አትለውም። ብትለው ድፍረት ነው፤ እኔም «አንቺ ደግሞ ማን ጠየቀሽ!» ብዬ አስቀምጣት ነበር። ዝሆኑ ሲለኝ ግን ሰማሁ። ዝሆን አይቆጡም።

ይኼ ደስ አለኝ። «ካርታ ማለት ሰው ለሰው በቀጥታ የማይለውን የሚያስብል ሽማግሌ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ምንጩ ውሸት ቢሆን እንኳ ያመጣው ፍሬ እውነት ከሆነ ምን ጉዳት አለው? በዚህ ሐሳብ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሜሪላንድ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ቡና እየጠጣን፣ «ካርታሽ የታለ? ዘንድሮ ምን ይለኛል?» አልኳት ለቀልድ። መልስ አልሰጠችኝም። ቀና ብላ የቁም ሣጥኑን አናት አሳየችኝ። ካርታው በሣጥኑ ውስጥ፣ በላስቲክ ታስሮ፣ አቧራ ለብሷል።

ከዚያ ነገረችኝ። አብራት የምትሠራ አንዲት አበሻ አለች፤ በዕድሜ ስለምትበልጣት እትዬ ነው የምትላት። ከእኔ ጉብኝት በኋላ በነበረው ክረምት አንድ ቀን ከፈረቃ ሲወጡ «ቤትሽ ልምጣና ያንን ካርታሽን እይልኝ» አለቻት። መጣች። ሻይ ጠጡ። ካርታ ሲበወዝ እንደ ዘበት፣ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ እብጠት ነገር» አለችና በእጇ የግራ ጡቷን ነካ አደረገችው። ከዚያ መዘዘች። ሚዳቋ ወጣ። የልብ ቻክራ።

«ምን አልሻት?» አልኩ።

ልጅቱ ሲኒዋን እያዞረች ቆየች። «‹ልብሽ ደክሟል እትዬ› አልኳት። ‹እናትሽ ሲሞቱ ሄደሽ አልቀበርሽም፤ ያላለቀስሽው ልቅሶ ነው እዚያ ጋ የተቋጠረው። ሚዳቋ ደንጋጣ ናት። አትደንግጪ፤ አልቅሺው፤ ይፈታል› አልኳት። እውነቴን ነው አጎቴ፣ ወዲያው አለቀሰች። አቅፋኝ፣ ‹ቀለል አለኝ› ብላ ሄደች።»

ያ እብጠት የሐዘን ቋጠሮ አልነበረም። እናትየዋም የሞቱት በዚያው በሽታ ነበር። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት የሄደችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ቀዶ ሕክምናውንም መድኃኒቱንም ጨርሳለች። ግን ሰባት ወር ሰባት ወር ነው። ቶሎ ብትሄድ ምን ያህል ይቀልላት እንደነበር ማንም በእርግጠኝነት አይነግራትም። ልጅቱን የሚያሳርራትም ይኼው ነው፤ ምን ያህል እንደጎዳቻት እንኳ ማወቅ አትችልም።

«ተቀየመችሽ?»

«ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ እኮ ሐኪም እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ሐኪም ስላልሆንሽ ነው ወዳንቺ የመጣሁት።›»

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ስለ ጥንቆላ፣ ስለ ኮከብ ቆጠራ፣ ስለ ሲኒውም ስለ ካርታውም ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። እኔ ሰው ወደ አንባቢ የሚሄደው ለማወቅ ይመስለኝ ነበር። ለማወቅ አይደለም የምንሄደው። ፈቃድ ለማግኘት ነው። ልንሠራ የፈለግነውን ለመሥራት፣ ልንሸሽ የፈለግነውን ለመሸሽ፣ «እሺ» የሚለን ሌላ አፍ እንፈልጋለን። ለዚያም ነው አንባቢያችንን የምንመርጠው። ሴትዮዋ ፈራች፤ በሰው ልክ ፈራች፤ እናቷን በዚያ በሽታ ያጣች ሴት ብትፈራ ማን ይፈርድባታል? የፈራችውን የማይነግራት ሰው ፈልጋ አገኘች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት እሷም ታውቀዋለች። እሷ ግን በሽታዋን አልደበቀችም፤ ለካርታ ነገረችው። ተናግሮ መደበቅ የሚባል ነገር እንዳለ ከእሷ ተማርኩ።

ሱዛን ሶንታግ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ ራሷ የጡት ካንሰር ከታመመች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በሽታን ምሳሌ ማድረግን የሚተች መጽሐፍ አውጥታለች። ካንሰር የታመቀ ስሜት፣ ያልወጣ ንዴት፣ ያላለቀ ሐዘን ውጤት ነው የሚለው አባባል ለበሽተኛው ሁለት ሸክም እንደሚያሸክም ትከራከራለች። አንደኛ ያሸማቅቀዋል፤ በሽታውን ራሱ እንዳመጣው ያስቆጥረዋል። ሁለተኛ ከሕክምናው ያዘገየዋል። የእህቴ ልጅ ይህን መጽሐፍ አላነበበችም። «የተቋጠረ ልቅሶ» ስትል ያማረ ነገር የተናገረች ነው የመሰላት። ያማረም ነበር። ጣጣው ያማረ መሆኑ ነው።

አሁን ሁለቱን ሌሊቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ካርታው አንድ ነው። አንባቢዋ አንዲት ናት። በእኔ ላይ ነጭ ዝሆን ወጣ፤ በእሷ ላይ ሚዳቋ። ለሁለታችንም የተሰጠን ቃል ያው ነው፤ «ውስጥህ የያዝከው ነገር አለ፤ አውጣው።» እኔ ተጠቀምኩ፤ እሷ ተጎዳች። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ጥያቄው ላይ ነው። የእኔ ጥያቄ መልስ እኔው ውስጥ ነበር። ወንድሜን እንደምወደው፣ እንደናፈቀኝ፣ ቤቱ ከእሱ እንደማይበልጥብኝ አውቀው ነበር። የጎደለኝ እውቀት አልነበረም፤ ድፍረት ነው። እንዲህ ላለ ጥያቄ ማንኛውም ሥዕል መስታወት ይሆናል። ዝሆንም ይሆናል፣ የሲኒ አተላም ይሆናል፣ በመስኮት የምታየው ደመናም ይሆናል። የሴትዮዋ ጥያቄ መልስ ግን በልቧ ውስጥ አልነበረም፤ በሥጋዋ ውስጥ ነው ያለው። ያን መልስ ራሷን አብዝታ በማዳመጥ አታገኘውም። እሱን የሚያውቀው ምርመራ ብቻ ነው። መስታወት ፊትን ያሳያል እንጂ ጉበትን አያሳይም። ሰው ጉበቱን በመስታወት ለማየት ከሞከረ ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ አንባቢ አይጠፋም። ይኼ ነው ከባዱ። ብዙ አገር ታሮት የሚያነቡ ሰዎች «ለመዝናኛ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋሉ። በኒው ዮርክ የወንጀል ሕግ መሠረት ለክፍያ ዕድል መናገር ወንጀል ነው፤ ለመዝናኛ የቀረበ ትርኢት ከሆነ ግን አይደለም። ሕጉ ብልህ ነው፤ የሰውን ፊት ግን አያይም። ያቺ ሴት እጇን ጡቷ ላይ ስታደርግ ለመዝናናት የመጣች ትመስላለች? አንባቢውም ያውቃል፤ የሚነበብለትም ያውቃል። ሁለቱም «ጨዋታ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ተከልለው ጨዋታ ያልሆነ ነገር ይሠራሉ። ነገሩ ከሠመረ «አየህ? ካርታው አለ እኮ!» ይባላል። ከከሸፈ «ጨዋታ ነበር» ይባላል። በሁለቱም ተጠያቂ የለም። አፍ ያለው ሁሉ ተናግሮ፣ የሚጠየቀው ግን አፍ የሌለው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የእህቴን ልጅ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ያን ዕለት እብጠቱን ስትነግርሽ፣ ካርታው ከመውጣቱ በፊት፣ አንቺ በልብሽ ምን አልሽ?»

ለረዥም ጊዜ ዝም አለች። አረጋውያንን ስታጥብና ስታለብስ የምትውል ልጅ ናት፤ እብጠት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። «‹ነገ ሐኪም ጋ ሂጂ› ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከዚያ ሚዳቋዋ ወጣች። ሚዳቋዋ የምትለውን ማለት ቀለለኝ።»

እዚህ ላይ ነው እኔም የተያዝኩት። ካርታው ሰው የማይደፍረውን ያስብላል ብዬ አመስግኜው አልነበር? ለካ መባል ያለበትንም ያስውጣል። ለእኔ ስትናገር ዝሆኑን ምርኩዝ አድርጋ የራሷን እውነት ተናገረች። ለሴትዮዋ ስትናገር ሚዳቋዋን መጋረጃ አድርጋ የራሷን እውነት ዋጠች። የጉሮሮ ቻክራ የሚባል ነገር ካለ፣ በዚያን ቀን የተዘጋው የሷው ነበር። የሰውን ዕድል ማንበብ ምንም ዕውቀት አይጠይቅ ይሆናል፤ አንድ ግዴታ ግን አለበት። «ይህን ካርታ አያውቀውም፤ ተነሺ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት የሚቻልበትን ቦታ ማወቅ። ይህን ማለት የማይችል ሰው የሌላውን ሰው ካርታ መንካት የለበትም። ይኼ ደግሞ ለታሮት አንባቢ ብቻ አይደለም። ለሽማግሌም ነው፣ ለንስሐ አባትም ነው፣ በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ምክር ለምንደረድር ለኛም ነው።

«ልጣለው ወይ?» አለችኝ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት እያየች።

«ሥዕሎቹ ምን አደረጉሽ?» አልኳት። «አሳፋሪው ሥዕሉ አይደለም። ‹ይላል› የሚለው ቃል ነው። ‹ካርታው ይላል› ማለት ስትተዪ ካርታው ሥዕል ብቻ ይሆናል።» እንዲህ ስል ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅቱ ምንም አልመለሰችልኝም። ሣጥኑም ከቦታው አልወረደም።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ እሑድ ወንድሜ ቤት ምሳ በላን። አሁን በወር አንዴ እንገናኛለን፤ የውርሱም ነገር አልቋል። ከምሳ በኋላ ያን ሌሊት ለምን እንደደወልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት። ዝሆኑን፣ የጉሮሮውን ክብ፣ ሁሉን ነገርኩት። ሲስቅ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሳቁን ገታና ትኩር ብሎ አየኝ።

«እንግዲያው ያ ዝሆን ባይወጣ ኖሮ አትደውልልኝም ነበር?»

«እንዴ! እደውል ነበር እንጂ» አልኩ።

«መቼ?»

ያልመለስኩለት እንግዲህ እስከ ዛሬ ነው።